የግድግዳ ቀን

የሰማሁትን ነው የምነግራችሁ። እውነት ነው ብዬ አልምልም፤ ውሸት ነው ብዬም አፌን አልሞላም። ማመኑ የእናንተ ፋንታ ነው።

አንዲት አገር ነበረች። ስሟን ብጠራላችሁ «ይቺማ የእኛዋ ናት» ብላችሁ ትቀየሙኛላችሁና ይቅርባችሁ። ያቺ አገር የምትተዳደረው በአንድ ትልቅ ድንኳን ሥር ነበር። ንጉሡ የሚቀመጡት እዚያ፣ ሸንጎ የሚውለው እዚያ፣ ገበያ የሚቆመው እዚያ፣ ሙሽራ የሚዳረው እዚያ ነው። ድንኳኑ በመካከሉ አንድ የዝግባ ምሰሶ አለው፤ ዙሪያውን ደግሞ ዐሥራ ሁለት የቃጫ ገመዶች ወጥረው ይዘውታል። እያንዳንዱ ገመድ አንድ ቤተሰብ ተመድቦለታል፤ ቤተሰቡም ጎጆውን የሚቀልሰው ከካስማው አጠገብ ነው። እዚያ አገር «የማን ልጅ ነህ?» አይባልም፤ «የስንተኛው ገመድ ነህ?» ነው የሚባለው።

ሕጋቸው አንድ መስመር ብቻ ነበረች፤ «የላላ ገመድ የከዳ ገመድ ነው» ትላለች። የንጉሡ ቅድመ አያት ግብር ላይ ተቀምጠው ሳለ ነፋስ ድንኳኑን ናደባቸውና ከሸራው ሥር ጢማቸው ወጥ በወጥ ሆኖ ወጡ አሉ። ሰው ሳቀ። የዚያን ዕለት ሕጊቱ ተደነገገች። ንጉሥ ከተሳቀበት በኋላ የሚያወጣው ሕግ መቼም ልጓም የለውም።

ሕጊቱን የሚያስከብር ሹም አለ፤ ማዕረጉ «የገመድ ጆሮ» ይባላል፤ በአጭሩ ጆሮ እከሌ ብለው ነው የሚጠሩት። ሥራው ጠዋት ጠዋት የወይራ በትሩን ይዞ ዐሥራ ሁለቱን ገመዶች እየዞረ መምታትና ማዳመጥ ነው። ገመዱ «ድንግ» ካለ ቤተሰቡ ታማኝ ነው፤ «ድፍ» ካለ ጉድ ፈላ።

ስንሻው የስምንተኛው ገመድ ሰው ነው። ገመድ መግመድ ከአባቱ የወረሰው ሙያው ስለሆነ የዐሥራ ሁለቱንም ገመዶች የሚገምደው እሱ ነበር። ቃጫን እንደ ልጁ ያውቀዋል። ቃጫ ደግሞ ክፉ አመል አለባት፤ ውሃ ስትጠጣ ታጥራለች። በበጋ «ድንግ» የሚል ገመድ ክረምት ሲገባ እየጠጣ፣ እያጠረ፣ እየከረረ ይሄድና ወይ ራሱ ይበጠሳል፣ ወይ ካስማውን ይነቅላል፣ ወይ ሸራውን ይተረትራል፣ ወይ ምሰሶውን ይሰብራል። አራቱም ቢሆኑ ለማንም አይበጁም። ስለዚህ ዝናብ ከመጣሉ በፊት ገመዱን ክንድ ተኩል ማላላት ግድ ነው።

ታዲያ ሕጉስ? አዎ፣ ሕጉስ! ሕጉን እናሻሽለው እንዳይሉ፣ ሕግ ማሻሻል ራሱ ማላላት ነው። ስለዚህ የአገሩ ሰው አንድ ዘዴ ፈጠረ፤ ስሙም የግድግዳ ቀን ይባላል።

የመጀመሪያው ደመና በምዕራቡ ተራራ ላይ ብቅ ያለ ዕለት፣ በእኩለ ቀን፣ ጆሮው ምሳውን ጠገብ አድርጎ ይበላና ጋደም ይላል። ዐሥራ አንዱ አባወራዎች ቤታቸው ይገባሉ፤ በራቸውን ይዘጋሉ፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ። ንጉሡ ሳይቀሩ ዙፋናቸው ላይ ዞር ብለው ምሰሶውን ያያሉ አሉ። ያኔ ስንሻው ከራሱ ገመድ ይጀምርና ዐሥራ ሁለቱንም አንድ በአንድ ያላላቸዋል። ሲጨርስ ሦስት ጊዜ ያስላል። ሰዉ ፊቱን ይመልሳል፤ በሩን ይከፍታል፤ ስለ ከብትና ስለ ዘር ያወራል። ማታ ጆሮው ሲነቃ «ዛሬ እንዴት ያለ እንቅልፍ ወሰደኝ እናንተ!» ይላል። በቃ። ክረምቱ ሲገባ ገመዶቹ ይጠጣሉ፣ ያጥራሉ፣ ልክ «ድንግ» በሚሉበት ላይ ይቆማሉ። ሰዉም «ይኸው! ሕጋችን ጠበቀን» እያለ ያመሰግናል።

ስንት ክንድ እንደሚላላ ከስንሻው ቤት በቀር የሚያውቅ አልነበረም። የጠየቀውም የለም፤ መጠየቅ ማወቅ ነውና። ዝም አይነቅዝም ይላል ያገሬ ሰው። ይነቅዛል እንጂ! ቆይቶ ነው እንጂ ይነቅዛል።

አሮጌው ጆሮ፣ ጆሮ ቢያድግልኝ፣ እንቅልፉን ለብሶ ሠላሳ ዓመት በሹመት ከቆየ በኋላ ሞተ። በቦታው ጆሮ ደምሰው ተሾመ። ይህ ሰው በውሻ ጆሮ ላይ የምትሄድ ቁንጫ ይሰማል ተብሎ የተወራለት ነው። ክፋቱ ግን ጆሮው አልነበረም። ሰውዬው ሕጉን ከልቡ ያምናል! ሕጉን ከልቡ የሚያምን ሹም ከመጣ እንግዲህ ለአገር ከዚህ የባሰ መዓት የለም።

ጆሮ ደምሰው በተሾመ በወሩ ገመድ ብቻ መወጠሩ አይበቃም አለ። የአልጋ ጠፍር ሁሉ ይወጠር ተባለ፤ ሰዉ በተኛበት እየተንከባለለ መሬት ላይ ይገኝ ጀመር። ግድግዳ መደገፍ ተከለከለ። ሣቅ ጥርስ እስኪታይ ብቻ እንጂ ድምፅ እንዳይጨምር ተባለ። «ደህና አደርክ?» መባባል ቀረና ሰው ከሰው ሲገናኝ «ጠብቅ!» ይላል፤ ያኛውም «ጠብቄያለሁ!» ብሎ ይመልሳል። ለሚስቱ የመጨረሻዋን ቃል የተወ ባል ቤቱ እንደላላ ይቆጠራል ሲባል ደግሞ በየጎጆው ጭቅጭቅ ነገሠ።

ስንሻውና ሚስቱ የሺመቤት ሃያ ሁለት ዓመት ሲኖሩ በክፉ ተነጋግረው አያውቁም ነበር። አሁን በጨው ተጣሉ።

«ጨው አነሰው» አለ ስንሻው፤ ሹሙ በደጅ እያለፈ ስለነበር ጮክ ብሎ ነው ያለው።

«አነሰህ? እንግዲያ ሂድና ለጆሮው ንገረው! ጨውም ያዳምጥልሃል!» አለች የሺመቤት ከእሱ ይበልጥ ጮክ ብላ።

«ዝም በይ አልኩሽ!»

«አልልም አልኩህ!»

ልጃቸው ማንጠግቦሽ ሣቋ እንዳያመልጣት ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከትታ ከበሩ ጀርባ ትንፈቀፈቃለች። አንድ ልጃቸው እሷ ናት። ከልጅነቷ ከአባቷ ጋር ቃጫ ስትፈትል ያደገች፣ የዘጠነኛው ገመድ አባወራ የጓንጉል ልጅ አየነው ያጫት፣ ክረምቱ ሲወጣ ልትዳር ቀን የተቆረጠላት ልጅ ናት። ሹሙ ካለፈ በኋላ ሦስቱም ድምፅ በሌለው ሣቅ እስኪያነቡ ሣቁ። እያደር ግን ጭቅጭቁ ልማድ ሆነባቸው፤ ሹሙ ሳይኖርም ይጣሉ ጀመር። ስንሻው ይህ ነገር አናደደው፤ አሳፈረውም።

በዚህ መሐል ደመናው ብቅ አለ።

እኩለ ቀን ላይ በሮች ተዘጉ፤ ፊቶች ወደ ግድግዳ ዞሩ። ስንሻው እንደ ልማዱ ወደ ራሱ ገመድ ሄደ። ጆሮ ደምሰው ምሳ እንዳልበላ፣ እንዳልተኛ፣ ከጠዋት ጀምሮም ጆሮውን መሬት ላይ ደፍቶ እንደዋለ ማን ነገረው? ቋጠሮውን ፈትቶ ግማሽ ክንድ እንኳ ሳይለቅ ከኋላው ድምፅ ሰማ።

«ምንድን ነው ያ የሰማሁት?»

ስንሻው ዘወር አለ። «ጌታዬ፣ ገመዱን ለክረምት እያዘጋጀሁት ነው።»

«ላላ!» አለ ጆሮው። «ስምንተኛው ገመድ ላላ! በጆሮዬ ሰማሁ!»

የገመድ ማላላት ቅጣቱ ከጥንት የተጻፈ ነው፤ ተፈጽሞ የሚያውቅ ግን አልነበረም። «ገመዱ የላላበት ቤት ሰው ካስማ ያቁም» ይላል። ጆሮ ደምሰው ጽሑፉን በቃሉ ያውቀዋል። ስንሻው «እኔ እቆማለሁ» ብሎ እጁን ዘረጋ።

«አንተማ እጅህ ለሥራ ይፈለጋል» አለው ሹሙ። «ልጅህ ትቁም።»

የማንጠግቦሽን ወገብ በጠፍር ከካስማው ጋር አሰሩት። የገመዱን ጫፍ በሁለት እጆቿ አንጓ ላይ ጠምጥመው ቋጠሩት። እንግዲህ ልብ አድርጉ፤ ድንኳኑና ካስማው የሚሳሳቡት በዚያች ልጅ በኩል ሆነ ማለት ነው። ጆሮ ደምሰው በትሩን አንሥቶ ገመዱን መታው። «ድፍ» አለ። «ድንግ እስኪል ትቆያለች» ብሎ ሄደ።

ስንሻው ደመናውን ቀና ብሎ አየ። ገመዱ ሲጠጣ ልጁን መሐል ለመሐል እንደሚጎትታት ያውቃል። ይህን አፍ አውጥቶ የሚናገረው ደግሞ እሱ ብቻ ነው። ሮጦ የጓንጉልን በር አንኳኳ።

ጓንጉል ገና ግድግዳውን እንዳየ ነበር። «አስልሃል እንዴ?» አለ ሳይዞር።

«አላሳልኩም ወንድሜ። ልጄን አሰሯት። ማንጠግቦሽን ካስማ አደረጓት! ሸንጎ ፊት ልቀርብ ነው። ገመድ በየዓመቱ እንደሚላላ፣ ካልላላ ምን እንደሚመጣ አንድ ሰው ከጎኔ ቆሞ ይናገርልኝ። ምራትህ ናት እኮ!»

ጓንጉል ዞረ። ፊቱ አመድ መስሏል። «ንጉሡ ከጠየቁኝ አልዋሽም» አለ። «የአባቴን አጥንት! አልዋሽም።»

በማግስቱ ሸንጎ ተሰየመ። ንጉሡ ጎበጥ ያሉ፣ ሆደ ቡቡ ሰው ናቸው፤ ክፉ አይደሉም፤ ነገር ግን ክፉ አለመሆን ብቻውን ምን ያደርጋል? ስንሻው ቀርቦ ሁሉንም ተናገረ። «ንጉሥ ሆይ፣ ገመድ ውሃ ይጠጣል፤ ሲጠጣ ያጥራል» አለ።

«ይጠጣል?» አለ ጆሮ ደምሰው። «አፍ አለው እንዴ?» ሸንጎው እስከ ጥርሱ ሣቀ።

ንጉሡ በቀስታ «በየዓመቱ አላላለሁ ነው የምትለው። ያየ አለ?» ብለው ጠየቁ።

የመጀመሪያው ገመድ አባወራ ተነሣ። «ንጉሥ ሆይ፣ ፊቴ ወደ ግድግዳ ነበር፤ ምንም አላየሁም።» ሁለተኛው ተነሣ። «ፊቴ ወደ ግድግዳ ነበር፤ ምንም አላየሁም።» እንዲህ እንዲህ እያለ ዘጠነኛው ጋ ደረሰ። ጓንጉል ተነሣ፤ የእግሩን ጣቶች አየ፤ ጉሮሮውን ጠረገ። «ንጉሥ ሆይ» አለ፣ «ልዋሽ አልችልም። ፊቴ ወደ ግድግዳ ነበር። ምንም አላየሁም።»

እውነቱን ነው እኮ! ከዐሥራ አንዱ አንድም የዋሸ የለም። ዐሥራ አንድ ጎልማሳ በጠራራ ፀሐይ፣ በአንድ ጊዜ፣ በሩን ዘግቶ ግድግዳ ምን ሊያደርግ ያያል ብሎ የጠየቀም አልነበረም። ያ ከተጠየቀ ንጉሡም ምሰሶውን ምን ሊያደርጉ ሲያዩ እንደነበር ሊጠየቁ ነዋ!

«ማንም ያላየው ነገር እንዳልተደረገ ይቆጠራል» ብለው ፈረዱ ንጉሡ። «ልጅቱ ትቁም።»

ስንሻው ከሸንጎው ሲወጣ ጓንጉልን ቀና ብሎ አላየውም። ልቡ ቆስሎ ነበር፤ ቢያየው ምን እንደሚያደርገው አያውቅም።

ማንጠግቦሽ ሁለት ቀን ቆመች። እናቷ በእጇ ታጎርሳታለች፤ ፀሐይ ሲበረታ በነጠላዋ ትጋርዳታለች። አየነው አንድ ጊዜ እንኳ ብቅ አላለም፤ አባቱ ቤት ዘግቶበት ነው ተብሏል። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ጣለ። መጀመሪያ ካፊያ ነበር፤ ወዲያው ዶፍ ሆነ።

ጆሮ ደምሰው በዝናብ እየበሰበሰ መጥቶ ገመዱን መታ። «ድንግ!» አለ። ስንሻው ዘሎ ተነሣ። «ብሏል! ጌታዬ፣ ድንግ ብሏል! ይፍቷት!»

ሹሙ ዓይኑን ጨፍኖ እንደገና መታው። አሁን ድምፁ ከፍ ብሏል። ሦስተኛ መታው፤ ይበልጥ ቀጠነ። ፊቱ ላይ ደስታ ተነበበ። «ዝም በል» አለ፣ «ዝም በልና ስማ። ይህ ገመድ በዘመኑ እንዲህ ብሎ አያውቅም። ንጉሡም ይስሙት።»

«አባዬ» አለች ማንጠግቦሽ። «ገመዱ እየጠጣ ነው።» ክንዶቿ ወደ ፊት ተወጥረዋል፤ ወገቧ ወደ ኋላ፤ ተረከዟ ከመሬት ተነሥቷል። ሌላ ቃል ልትጨምር ፈልጋ ትንፋሽ አጠራት።

«ጌታዬ፣ ልጄ ናት!» አለ ስንሻው ጭቃው ላይ ወድቆ።

«ልጅህማ ናት» አለ ጆሮ ደምሰው። የተናገረው በቁጣ አልነበረም፤ ነገሩን እንደሚያስረዳ ሰው ነው። «እንዲህ ያለ ካስማ ግን ከየት ይገኛል? እሷ ከቆመች ወዲህ ስምንተኛው ገመድ ከሁሉ በልጧል። ምን በወጣኝ እፈታታለሁ?» ብሎ ንጉሡን ሊጠራ ሮጠ።

ስንሻው ቋጠሮው ላይ ተረባረበ። የረጠበ የቃጫ ቋጠሮ በጥፍር አይፈታም፤ በጥርስ አይፈታም፤ አርባ ዓመት ገመድ የገመደም ቢሆን አይፈታውም። ጥፍሩ ተነቅሎ ደሙ በቃጫው ላይ ወረደ። ልጅቱ ጮኸች፤ እንዲህ ያለ ጩኸት ከእሷ ሰምቶ አያውቅም። በዚያን ጊዜ የሺመቤት ከመቀነቷ ሥር የሽንኩርት ቢላዋዋን መዝዛ ዘረጋችለት።

«ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ይዤዋለሁ» አለች። «ምን ትጠብቃለህ አንተ ሰውዬ? ቁረጠው!»

ገመድ መቁረጥ በዚያ አገር ስሙ እንኳ አይነሣም። አባት ከመግደል ይብሳል። ስንሻው ዕድሜውን በሙሉ ገመድ ሲቀጥል የኖረ ሰው ነው፤ አንድም ቀን ቆርጦ አያውቅም። ቆረጠው።

ገመዱ እየተፈተለከ ወደ ሰማይ ወጣ። ማንጠግቦሽ ጭቃው ላይ ተዘረረች፤ እናቷ ላይዋ ላይ ወደቀችባት። ድንኳኑ ከዚህ በኩል የሚይዘው ሲያጣ፣ በዚያ በኩል የከረሩት ገመዶች ሁሉ አንድ ላይ ጎተቱት። ምሰሶው ዘመመ፣ አቃሰተ፣ ወደቀ። ካስማዎቹ እንደ ወላለቀ ጥርስ ተነቃቀሉ። የሰው ነፍስ አልጠፋም፤ ይህንን እግዜር አተረፈ። ንጉሡ በእንብርክክ ከሸራው ሥር ወጡ። ጆሮ ደምሰውን እስኪያወጡት ድረስ ከእርጥቡ ሸራ ሥር «ላላ! ላላ!» ሲል ይሰማ ነበር።

የምርመራ ሸንጎ ተሰየመ። ጣራ የለም፤ ሰባት ቀን ዝናብ እየወረደባቸው መረመሩ። ፍርዱ እንዲህ ተጻፈ፤ «ዐሥራ አንድ ገመዶች ጥብቅ ነበሩ። አንዱ ላልቷል። ድንኳኑ በላላው ምክንያት ወድቋል።» ስንሻው ሞት ተፈረደበት፤ ግን አዲስ ገመድ የሚገምድ ሌላ ሰው ስለሌለ ዐሥራ ሁለት አዳዲስ ገመዶች ገምዶ እስኪጨርስ ተጠበቀ። ሲጨርስና ድንኳኑ ዳግም ሲቆም ንጉሡ ራሩና ሞቱን ወደ ስደት ለወጡለት። ከወንዙ ማዶ ካለው ድንጋያማ ኮረብታ ላይ ከሚስቱና ከልጁ ጋር እንዲኖር፣ ከሦስቱ አንዱ ወንዙን ከተሻገረ ግን እንዲሞት ተባለ። ጓንጉልም ጥሎሹን በመልእክተኛ አስመለሰ። ይሉኝታ ድሮ ቀረ!

የማንጠግቦሽ እጆች ተጨብጠው ቀሩ። ጣቶቿ ገመዱን እንደያዙ ናቸው፤ ስትተኛም አይለቁም። የሺመቤት ጠዋትና ማታ በቅቤ እያሸች አንድ በአንድ ልትዘረጋቸው ትሞክራለች። ቀኝ እጇ በመከር ጊዜ ተፈታ። የግራው እምቢ አለ። ባልና ሚስቱ ከመጡ ወዲህ ተጣልተው አያውቁም፤ የሚጣሉበትም አቅም አልነበራቸውም። ስንሻው አንዳንድ ቀን ከጎጆው ጀርባ ሄዶ ያለቅሳል፤ የሺመቤትም ታውቃለች፤ አትከተለውም።

ዓመቱ ዞረ። በምዕራቡ ተራራ ላይ ደመና ብቅ ባለበት ማምሻ አንድ ሰው ወንዙን ተሻግሮ ኮረብታውን ሲወጣ ታየ። ጓንጉል ነበር። ከስቷል። ከደጅ ቆሞ «ቤቶች!» አለ።

«ማንም የለም» አለ ስንሻው ከውስጥ።

«ስንሻው ወንድሜ…»

«ወንድምህ ግድግዳ ነው።»

ጓንጉል ደጃፉ ላይ ተቀመጠ። የመጣበትን ነገር እዚያው ሆኖ ተናገረ። ጆሮ ደምሰው አምና በሰማው ድምፅ እንደተለከፈ ነው፤ እንቅልፍ አጥቷል። ዘንድሮ ክረምት ሳይገባ በዐሥራ ሁለቱም ገመዶች ላይ ሰው ካስማ ይቁም ብሎ አስወስኗል። ከየቤቱ ያላገባ ይቆማል። በዘጠነኛው ገመድ ላይ የሚቆመው አየነው ነው። ከነገ ወዲያ ያቆሙታል።

«ገመዱ አስቀድሞ ከላላ ልጁን አይጎትተውም» አለ ጓንጉል። «ስንት ክንድ እንደሆነ ንገረኝ። ሌላ ምንም አልለምንህም። ስንት ክንድ ነው?»

ስንሻው ወጣ። «ግድግዳህን ጠይቀው» አለ። «ሠላሳ ዓመት አይተኸዋል፤ ያውቃል።»

ጓንጉል አለቀሰ። የሺመቤት ውሃ አመጣችለት።

«አባዬ፣ ንገረው» አለች ማንጠግቦሽ።

«አልነግረውም! አንቺ ስትጮኺ በሩን ዘግቶ ሲሰማ የነበረ ሰው ነው! ይይልኝ! የእሱም ልጅ ሲጮህ ይስማ!»

«የሚታሰረው እሱ አይደለም እኮ» አለች ማንጠግቦሽ።

የአባቷን ዓይን አልለቀቀችም። ከዚያ ወደ ጓንጉል ዞረች።

«ክንድ ተኩል ነው፣ አያ ጓንጉል። ወፍራምም ይሁን ቀጭን ያው ነው። ግን ብቻህን አትችለውም። አባዬ ብቻውን የሚችለው ሥራው ስለሆነ ነው። አንድ ሰው ገመዱን ደግፎ ይይዛል፤ ሌላው ቋጠሮውን ይፈታል።»

«ማንን ልጥራ? ነገ በእኩለ ቀን እንደ ልማዱ ሁሉም ፊቱ ወደ ግድግዳ ነው።»

«እንግዲያው በራቸውን አንኳኳ» አለች። «ማን ነገረህ ካሉህም ስሜን ጥራ።»

በማግስቱ ሦስቱም ኮረብታው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ከዚያ ድንኳኑ ወለል ብሎ ይታያል። እኩለ ቀን ሲሆን በሮች ተዘጉ። ከዘጠነኛው ቤት ጓንጉል ወጣ፤ ካስማው አጠገብ ተንበረከከ፤ ብቻውን ይታገል ጀመር። ገመዱ አልላላም አለው። ተነሥቶ የዐሥረኛውን በር አንኳኳ፤ አልተከፈተም። የዐሥራ አንደኛውን አንኳኳ፤ አልተከፈተም። እየሮጠ ሰባተኛው ጋ ሄደ፤ አልተከፈተም። በመጨረሻ ተመልሶ ቋጠሮው ላይ በግንባሩ ተደፋ። ያኔ ከገዛ ቤቱ አየነው ወጣና ገመዱን ያዘ። ጥቂት ቆይቶ የዐሥረኛው በር ገርበብ አለ፤ አንዲት ሴትዮ ወጣች። ጆሮ ደምሰው ደግሞ በትሩን እያወዛወዘ ከድንኳኑ ወዲያ በኩል ሲሮጥ ታየ።

«ተመልከቺ እንዴት እንደያዘው!» አለ ስንሻው እየተቁነጠነጠ። «በግራ በኩል ነው የያዘው! እንዲያ ተይዞ በየት በኩል ይፈታል? ገመዱ ያመልጠዋል፤ ጣቱንም ይወስድበታል። ዝቅ በል! ዝቅ በል እንጂ አንተ ልጅ!»

«እዚህ ተቀምጠህ ለማን ነው የምትነግረው?» አለችው የሺመቤት።

ስንሻው ሚስቱን አያት። እሷም አየችው። ወንዙን የተሻገረ እንደሚሞት ሁለቱም ያውቃሉ። ተነሣ፤ ነጠላውን አወለቀና ሰጣት፤ ቁልቁለቱን ያዘ። ግማሽ መንገድ ሳይወርድ ቀና ብሎ ቢያይ ማንጠግቦሽ ሳያያት ቀድማው ወንዙ ውስጥ ገብታለች።